ልቤ ደርቆ ብዘምር ግብዝነት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? እናቴ በጠና ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ እኔ ሌሊት ሌሊት እያለቀስኩ ለመንኩ፣ ተሳልኩም። እግዚአብሔር ሰማኝ፤ ዛሬ እናቴ ደኅና ናት። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሰው ሁሉ በዕልልታ ሲያመሰግን ግን የእኔ ልብ ድርቅ ይላል። ውለታ ቢስ ሆኜ ይሆን? ደስታ ሳይሰማኝ ብዘምር ግብዝነት አይሆንብኝም? እስኪሰማኝስ ልጠብቅ? ስእለቴንም እስካሁን አላደረስኩም።

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር እናትሽን ማረልሽ! አትጠብቂ።

መጀመሪያ ይህን የግብዝነት ነገር እናንሣው። ጌታችን «በከንፈሩ ያከብረኛል ልቡ ግን ከእኔ በጣም የራቀ ነው» የሚለውን የኢሳይያስን ቃል ሲጠቅስ (ማቴ. 15፥8) የሚናገረው ልባቸው መራቁ ለማያሳስባቸው ሰዎች ነበር። ግብዝ የሚጨነቀው ሰው እንዳይነቃበት ነው። አንቺ ግን ማንም ሳይከስሽ ራስሽን ከሰሽ መጣሽ። የደረቀ ልብ ይዞ የቆመና የሌለውን ልብ አለኝ ብሎ ለሰው የሚያሳይ አንድ አይደሉም። ዕብራውያን 13፥15 ምስጋናን «መሥዋዕት» ይለዋል፤ መሥዋዕት ደግሞ ከሰው የሚቆረጥ ነገር አለው። ሞቅ ባለሽ ቀን የዘመርሽው ምንም አላስወጣሽም። በደረቀ ልብሽ «ተመስገን» ያልሽው ግን ከጉሮሮሽ ታግሎ የወጣ ነው፤ እርሱ ዘንድ ይህ የሚናቅ አይመስለኝም።

ጌታ ያነጻቸውን የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ታውቂዋለሽ (ሉቃ. 17፥11-19)። አንድ ነገር ግን ልብ በይልኝ። ምሕረት ለመለመን ሲሆን ዐሥሩም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው «ማረን» ያሉት። ለማመስገን ተመልሶ ድምፁን ከፍ ያደረገ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ወንጌላዊው «በታላቅ ድምፅ» የሚለውን ሳያስቀር ጽፎለታል። ስንለምን እንጮኻለን፤ ስንቀበል ድምፃችን ይጠፋል። ዘጠኙ እኮ አመፀኞች አልነበሩም። ካህናቱ ዘንድ ሂዱ ተብለው ነበር፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ትእዛዝ እየፈጸሙ ነው የቀሩት! ሥርዓቱን ሳያጓድሉ ምስጋናን መርሳት ይቻላል ማለት ነው፤ እኛ አገልጋዮች ደግሞ ይህ በሽታ ይብስብናል።

ከራሴ ልንገርሽ። በጸሎት አስቡን ያሉኝን ሰዎች ስም የምይዝባት ትንሽ ደብተር አለችኝ። የታመመው ሲድን፣ የታሰረው ሲፈታ፣ በስሙ ላይ በእስክሪብቶ መስመር እሰርዝና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አንድ ምሽት ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ መስመር በመስመር ሆነው አየኋቸው። ያ ሁሉ መስመር የተሰማ ጸሎት ነበር፤ እኔ ግን ሥራ እንደ ጨረሰ ሰው ነበር የሰረዝኩት። ለአንዱም ቆሜ «ተመስገን» ማለቴን አላስታውስም። ስለዚህ ስመክርሽ ከላይ ሆኜ አይደለም።

ታዲያ ደስታው ከየት ይመጣል? ዳዊት «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ» ሲል ከራሱ ነፍስ ጋር እየተነጋገረ ነው (መዝ. 103፥2፤ በግእዙ 102)። ነፍሱ ቀድማው ብትነሣ ኖሮ ባልቀሰቀሳት። የሚቀሰቅሳትም «አትርሺ» ብሎ ነው፤ ከዚያ ኃጢአትሽን ይቅር ያለ፣ ደዌሽን የፈወሰ፣ ሕይወትሽን ከጥፋት ያዳነ እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝርላታል። ደስታ ከዝርዝር ነው የሚነሣው። መዝሙር 136ን (በግእዙ 135) ክፈቺና እይ፤ 26 ቁጥር ነው፣ ሰማይን ስለ መሥራቱ፣ ባሕርን ስለ መክፈሉ፣ ለሥጋ ሁሉ ምግብን ስለ መስጠቱ ለያንዳንዱ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ ይመልሳል። በጅምላ አያመሰግንም።

ቅዳሴያችንም እንዲሁ ነው። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብለን በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ካልን በኋላ ጸሎቱ በዚያ አያቆምም፤ ከደነነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ እያለ ይቀጥላል። ሸፈነን፣ ረዳን፣ ጠበቀን ማለት ነው። የዝርዝሩ መጨረሻ «እስከዚች ሰዓት አደረሰን» ነው። ካህኑ ይህን ሲል አንቺ በልብሽ የእናትሽን ነገር አስገቢበት፤ «ጠበቀን» ሲባል ያን ሌሊት፣ «እስከዚች ሰዓት» ሲባል ዛሬ እናትሽ ደኅና መሆናቸውን።

«ውለታ ቢስ ሆኜ ይሆን?» ላልሽውም፣ መዝሙረኛው «ያን ሁሉ ላደረገልኝ ምን እመልሳለሁ?» ብሎ ቀድሞሽ ተጨንቋል፤ የሰጠው መልስ ሁሌ ያስገርመኛል። «የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ፥ የእግዚአብሔርንም ስም እጠራለሁ» ነው ያለው (መዝ. 116፥13፤ በግእዙ 115)። ምን ልክፈል ብሎ ተነሥቶ እቀበላለሁ ብሎ ተቀመጠ! ብድር የሚመልስ ሰው ፊቱ ይከብዳል፤ ስጦታ የተቀበለ ነው የሚፈካው። የአንቺ ልብ የደረቀው ምናልባት የእናትሽን መዳን እንደ ዕዳ ስለ ያዝሽው ይሆናል። ደግሞም ብዙ ወር በሥጋት የኖረ ሰው ይዝላል። ሐዋርያው ያዕቆብ መከራ ያለበት ይጸልይ፣ ደስ ያለው ይዘምር ብሎ ለሁለቱም ቦታ ሰጥቷል (ያዕ. 5፥13)፤ ዕልል ማለት ካቃተሽ «አሜን» በይ፣ እርሱም ምስጋና ነው።

ስእለትሽን ግን አታዘግዪው። ልጅ አጥታ «ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ለአንተ እሰጠዋለሁ» ብላ የተሳለችውን ሐናን አስቢያት። በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ስታለቅስ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋም አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ እንደ ሰከረች ቆጥሯታል። ሳሙኤልን ከወለደችና ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደዚያው ስፍራ፣ ወደዚያው ካህን ይዛው ሄደች፤ እዚህ አጠገብህ ቆሜ የጸለይሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሕፃን ነበር የጸለይሁት አለችው (1ኛ ሳሙ. 1፥26-27)። «ልቤ በእግዚአብሔር ጸና» የሚለው መዝሙሯ የሚመጣው ከዚህ በኋላ በምዕራፍ 2 ነው፤ ስእለቷን አድርሳ ነው የዘመረችው። አንቺም ያን ጊዜ ወዳለቀስሽበት ቦታ ተመለሺ። እናትሽ መራመድ ከቻሉ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ምን ብለሽ እንደ ተሳልሽላቸው እስካሁን ካልነገርሻቸው እዚያው ቆመሽ ንገሪያቸው።