ቆቧን ጣለች ይሉኛል

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትያለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ዕድሜዬ 27 ነው። የካቶሊክ ሲስተር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ከምባታ ነው። አሁን ያለሁት ጎጃም፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አራት ሲስተሮች ነን። ክሊኒክና መዋዕለ ሕፃናት አለን። እኔ ሕፃናቱን አስተምራለሁ።

ከቤታችን ጀርባ ሰፊ ጓሮ አለ። ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ጥቂት ቡና፣ ለቤተ ጸሎቱ የሚሆን አበባ ይበቅልበታል። አትክልተኛው የተቀጠረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ስሙን አልጽፍም። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ኦርቶዶክስ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ እናቱን ሊጦር ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት አትክልቱን ሲያጠጣ በለሆሳስ ዳዊት ይደግማል። የኔ መስኮት በዚያ በኩል ነው። የኛም የጠዋት ጸሎት ዳዊት ነው። እሱ በግዕዝ፣ እኛ በአማርኛ። መጀመሪያ የወደድኩት ድምፁን ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለእሑድ ቅዳሴ የሚሆን አበባ የምቆርጠው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም ነበር። ከዚያ ስለ ችግኝ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም እናወራ ጀመር። ሁልጊዜ «ሲስተር» እያለ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። እኔም እንደዚያው።

ባለፈው ጥር አቮካዶ ሲያዳቅል አግዢኝ ሳይለኝ ሄጄ አገዝኩት። እሱ ቅርንጫፉን ከችግኙ ጋር አጋጥሞ በላስቲክ ሲጠቀልል እኔ ይዤለት ነበር። ሳያየው ጣቴን አብሮ ጠቀለለው። ሳቀና «አንቺ፣ ጣትሽን አውጪ እንጂ!» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ላስቲኩን ፈታው፣ ጣቴን አወጣሁ፣ እንደገና ጠቀለለው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላደረግንም። ግን ያቺን «አንቺ» ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ እሱ ራሱ መጣና ነገረኝ። መሬት መሬት እያየ ነበር። «ሲስተር፣ በጥሪዎ ይቀጥሉ እንደሆነ ሥራዬን ለቅቄ እሄዳለሁ። አይ ካሉ ደግሞ እጠብቅዎታለሁ» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም።

እትዬ፣ ጊዜያዊ መሐላዬ ስድስተኛ ዓመቱን የሚጨርሰው በመጪው ፍልሰታ ነው። ከዚያ የዘላለም መሐላ ነው። ሁለት ወረቀት ጽፌ ከፍራሼ ሥር ደብቄአለሁ። አንዱ ለዘላለም መሐላ የቀረበ ማመልከቻ ነው። ሌላው መሰናበቻ ነው። ሌሊት እየተነሣሁ ሁለቱንም አነባለሁ።

እናቴን ሀገሩ ሁሉ «የሲስተር እናት» ነው የሚላት። ለመጀመሪያው መሐላዬ በሬ አርዳ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። የሱ እናት ደግሞ ገና ምንም አልሰሙም፤ ሲሰሙ ግን «ቆብ የጣለች ሴት ቤቴ አትገባም» ማለታቸው አይቀርም። ከተማውም እንደዚያ ነው የሚለኝ። እግዚአብሔርን የካድኩ ይመስለኛል። እሱን ሳስበው ደግሞ ኃጢአት እየሠራሁ እንደሆነ አይሰማኝም፤ የሚያስፈራኝም ይኼው ነው። ምን ላድርግ?

ስሜ ሁለት ነው፤ የክርስትናዬና የማኅበሬ። በየትኛው ልፈርም?

ከጎጃም

*

እህቴ፣

አንቺ ማለቴን ፍቀጂልኝ። ልጄ ልትሆኚ ትችያለሽና ነው። «አንቺ» ለሚለው ቃል ያለሽን ስሜት ካነበብኩ በኋላ ግን ሳላስፈቅድ መጀመር ከበደኝ።

መጀመሪያ ቆቡን እናንሣ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ እሱ ይመስለኛል፤ ስለ ቆብ የሚወራው ግን ካንቺ ጋር አይገጥምም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሰው ከመመንኮሱ በፊት በአመክሮ ይቆያል። ቆቡን ከደፋ በኋላ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ለዓለም ሞቷል ተብሎ ፍትሐት ሁሉ ይጸለይለታል። ስለዚህ የጎጃም ሰው «ቆቧን ጣለች» ሲል ከመቃብር ወጣች እንደማለት ነው። አንቺ ያለሽበት ሥርዓት ሌላ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ጊዜያዊ መሐላን ያስቀመጠው ለዚሁ ነው። ከ3 እስከ 6 ዓመት ትቆያለሽ፤ እነሱም ያዩሻል፣ አንቺም ራስሽን ታያለሽ። ጊዜው ሲያልቅ መሄድ የፈለገች ትሄዳለች። የገባችውን ቃል ጨርሳለች እንጂ አላፈረሰችም። ይህንን ከተማው አያውቅም፤ ላያውቅም ይችላል። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። በፎርሜሽን፣ ማለትም ለሲስተርነት በምትዘጋጂበት ጊዜ ተምረሽዋል። ፍርሃት ነው ያስረሳሽ።

ከዘላለም መሐላ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ለመውጣት ትልቅ ምክንያት ይጠየቃል። ማኅበርሽ በቀጥታ በሮም ሥር ከሆነ ፈቃዱ የሚመጣው ከሮም ነው፤ በሀገረ ስብከት ሥር ከሆነ ከጳጳሱ። ፈቃድ ሳታገኚ ብታገቢ ቤተ ክርስቲያን ያንን ጋብቻ ጋብቻ አትለውም። ስለዚህ ልብሽ እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ በፍልሰታ የዘላለሙን መሐላ አትማዪ። ለእናትሽ ብለሽ አትማዪ። ለበሬውም ብለሽ አትማዪ። እናትሽን የምታከብሪያት እንዲህ አይደለም፤ መሐላው ለእግዚአብሔር ነው የሚሰጠው።

መሰናበቻውንም ግን አሁን አታስገቢ። የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ እሱ ድምፅ ጽፈሻል፣ ስለ እጁ ጽፈሻል፣ ስለ አቮካዶው ጽፈሻል። ስለ ጥሪሽ አንድ መስመር አልጻፍሽም። እሱ ሳይመጣ በፊት ደስተኛ ነበርሽ? ጸሎቱ ደርቆብሽ ነበር? ሕፃናቱን ስታስተምሪ ውለሽ ማታ ቤተ ጸሎት ስትገቢ ቤትሽ የገባሽ ይመስልሻል ወይስ እንግዳ ነሽ? እነዚህን መልሺ፤ ለኔ ሳይሆን ለራስሽ። መልሱ «እሱ ባይኖርም እወጣ ነበር» ከሆነ አንድ ነገር ነው። «እሱ ባይኖር ኖሮ አንድም ቀን አላስበውም ነበር» ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውም ቢሆን ውጪ አያስብልም፣ ቅሪም አያስብልም። ግን ለአንድ ሰው ብሎ የወጣ ሰው ያ ሰው አንድ ቀን ቢቆጣው ወይም ቢታመምበት፣ «ላንተ ብዬ ነው» ማለቱ አይቀርም። ያንን ቃል ለሱ እንድትዪው አልፈልግም።

እኔ የተማርኩት ሲስተሮች በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። ሒሳብ ታስተምረን የነበረች ሲስተር አንድ ክረምት ጠፋች። መስከረም ላይ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ ያንኑ ሒሳብ ልታስተምረን መጣች። ምን ብለን እንደምንጠራት ግራ ገባን። ሰሌዳው ላይ የክርስትና ስሟን ጻፈችና «ይኼ ነው፤ አሁን ገጽ 12 ግለጡ» አለችን። ለምን እንደወጣች ማንም አልነገረንም። ያስተማረችን ግን እንደ በፊቱ ነው፤ ሲስተሮቹም በእረፍት ሰዓት ሻይ ያጠጧት ነበር። መውጣት እንዲህም ሊሆን እንደሚችል በዓይኔ ስላየሁ ነው የምነግርሽ።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ሦስተኛ ወረቀት ጻፊ። ጊዜያዊ መሐላው እንዲራዘምልሽ ጠይቂ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ በድምሩ ከ9 ዓመት እስካላለፈ ድረስ ማኅበሩ ሊያራዝመው ይችላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቂ አልልሽም። አንድ ዓመት በቂ ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ወደ ሌላ ቤት እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ። ይህን ስጽፍልሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ግን በዚያ መስኮት ሥር ተኝተሽ ጥሪሽን መመርመር አትችዪም። በዚያ ላይ ዛሬም መሐላ ላይ ነሽ። ዛሬ የገባሽው ቃል ዛሬ ይጠበቃል። ቅዳሜ አበባውን ሌላ ሲስተር ትቁረጥ።

ከመጠየቅሽ በፊት ግን ለሰው ንገሪ። መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ። በንስሐ የተነገረ ከዚያ አይወጣም፤ ካህኑ ለማንም የመንገር መብት የለውም። ከዚያ ለአለቃሽ። ይኸኛው እንደ ንስሐው በምስጢር የተጠበቀ አይደለምና ምን እንደምትዪ አስበሽበት ግቢ። «ስለ ጥሪዬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጊዜ እፈልጋለሁ» ማለት እውነት ነው፤ ይበቃልም። ከተጠየቅሽ አትዋሺ። ሳትጠየቂ ግን የሱን ስም አትጥሪ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምታሳዝኚኝ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ነገሩ ቢወጣ አንቺን ይመክሩሻል፣ ይጸልዩልሻል፣ ሱባዔ ይልኩሻል። እሱን በማግስቱ ከሥራ ያሰናብቱታል። ከዚያ ደመወዝ ላይ የእናቱ መድኃኒት ይገዛል። በትንሽ ከተማ «ሲስተሯን ያሳታት» የተባለ ሰው ማን ይቀጥረዋል? ስለዚህ መሄድ ካለበት አንድ ሰው የምትሄጂው አንቺ ሁኚ። አንቺ ማኅበር አለሽ፤ እሱ ያለው አንድ መቆፈሪያና አንድ ማጠጫ ነው።

ሰውየውን አላውቀውም። ግን ጥር ላይ «አንቺ» ብሎ፣ ዐቢይ ጾም ላይ ተመልሶ «እርስዎ» ማለቱን ልብ ብዬዋለሁ። ልቡን ሊነግርሽ ሲመጣ እንኳ መሐላሽን አልረሳም። ሊያጠምድሽ የመጣ ሰው ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» አይመለስም ነበር። አለመመለስሽ አላሳዘነሽም ይሆናል፣ እሱ ግን መልስ ሳያገኝ ያን ጓሮ እየቆፈረ ነው። አንድ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ቆመሽ ንገሪው። «ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ለሌላ ቤትም እዛወራለሁ። ሥራዎን አይልቀቁ። ጠብቁኝ ብዬ ግን ቃል አላስገባዎትም» በዪው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም ስልክም አይኑር።

ዓመቱ አልፎ ለመውጣት ከወሰንሽ ደግሞ ሌላ ዳገት አለ፤ እሱን ካሁኑ ልታዪው ይገባል። ጎጃም ውስጥ «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ያረጀ ቁስል አለው። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1618 ነው። ንጉሡ ካቶሊክ ሆነ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ተባለ። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ልጅ ይህንን ታሪክ ያውቀዋል። እናቱ «አይሆንም» ቢሉ አንቺን ጠልተው አይደለም።

ጋብቻውስ በማን ቤተ ክርስቲያን ይሆናል? በኦርቶዶክስ በተክሊልና በቁርባን ለመጋባት ሁለታችሁም የዚያ እምነት ልጆች መሆን አለባችሁ። በካቶሊክ በኩል ኦርቶዶክስ ለማግባት የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ እንኳ ሩቅ አይደለም፤ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 ከተቋቋመ ወዲህ መንበሩ ባሕር ዳር ነው። ነገር ግን ልጆችሽን በካቶሊክ ለማስጠመቅ የምትችዪውን ሁሉ እንደምታደርጊ ቃል ያስገቡሻል። እሱ ደግሞ ወንድ ሲወለድ በ40፣ ሴት ስትወለድ በ80 ቀን ክርስትና ማስነሣት ይፈልጋል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈራረም በሕግ ያጋባችኋል፤ በቤተ ክርስቲያንሽ ፊት ግን አያጋባሽም። ዳዊቱን አብራችሁ ደግማችኋል፤ ጥሩ ነው። የልጃችሁን ክርስትና ግን በአንድ ቋንቋ አትነጋገሩበትም።

የእጅሽንም ነገር አትርሺ። የወጣች ሲስተር ለሠራችበት ዘመን ደመወዝ መጠየቅ አትችልም። ሆኖም ሕጉ ራሱ ማኅበሩን በርኅራኄና በፍትሕ እንዲሸኛት ያዛል። የመምህርነት ማስረጃሽ የት እንዳለ ዛሬውኑ እወቂ። ብትቀሪም ያስፈልግሻል።

ለእናትሽ ገና ምንም አትንገሪ። የምትነግሪያት ነገር ሲኖርሽ ግን በስልክ አይሁን። ከምባታ ድረስ ሄደሽ አጠገቧ ተቀምጠሽ ንገሪያት። ታለቅስ ይሆናል። ሲስተር ሳትሆኚ በፊትም እናትሽ ነበረች።

ሁለቱን ወረቀቶች ከፍራሹ ሥር አውጪና ሻንጣሽ ውስጥ አስቀምጪያቸው፤ አትቅደጃቸው። ሦስተኛውን ዛሬ ማታ ጻፊው። ለሚቀጥለው ፍልሰታ እንደገና ጻፊልኝ። በየትኛውም ስም ብትፈርሚ አውቅሻለሁ።