አምስተኛ ክፍል ለምትገቡ ወጣት መምህራን

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ስለ ጉርምስናና ስለ ሥነ ተዋልዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተምር የማህፀንን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሳልኩና ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ፊቴን ወደ ሥዕሉ አዙሬ ጨረስኩት። ሥዕሉ አያሳፍርም ነበር። ልጆቹ ግን የተረዱት መምህራቸው ስለዚህ ነገር ሲያወራ እንደሚጨነቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሞከርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ተራ የካርቶን ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ አንድ ወረቀት ያስገባል። ጥያቄ የሌለውም «ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይጽፋል፤ አለበለዚያ እስክሪብቶ ያነሣው ልጅ ይታወቃል። ወረቀቶቹን የማነበው ቤቴ ነው። ክፍል ውስጥ ስከፍት አንዱን ልጅ በእጅ ጽሑፉ ለይተው ስለሣቁበት ዳግመኛ አላደረግኩትም።

አንድ ቀን ደጋግማ ታጥፋ የጥፍር ያህል የሆነች ወረቀት አገኘሁ። «ደሙ ቢያልቅብኝስ?» ትላለች። እኔ ስለ ሆርሞንና ስለ 28 ቀን የወር አበባ ዑደት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ልጅቷ የፈራችው ግን ሞትን ነው። በማግስቱ የሾርባ ማንኪያና ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። በአንድ የወር አበባ ጊዜ የሚፈሰው ደም በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ማንኪያ ቢሆን ነው ብዬ ውሃውን ቀዳሁላቸው። ከፊት የተቀመጠ ልጅ «ይኸው ነው?» አለ። ይኸው ነው፤ ከዚያ እጅግ ከበዛ ደግሞ ለአዋቂ ይነገራል። የ28 ቀኑንም ነገር አረምኩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዑደቱ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊለያይ ይችላል፤ 28 ብቻ የተነገራት ልጅ በ40ኛው ቀን ታምሜአለሁ ብላ ትጨነቃለች።

ወንዶቹን አትርሱ። «ጡቴ አብጧል፣ ሴት ልሆን ነው?» የሚል ወረቀት ሲደርሰኝ መልሱን አላውቅም ነበር። «ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ» አልኩ፤ ክብሬም አልተነካ። የጠየቅኳት ነርስ በጉርምስና ጊዜ ይህ ግማሽ ያህሉን ወንዶች እንደሚያጋጥም፣ በአብዛኛው በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ እንደሚጠፋ አስረዳችኝ። ስለ ሕልመ ሌሊትም፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ ዘር ስለመፍሰሱ፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በሽታም ኃጢአትም መስሏቸው አንሶላ የሚደብቁ ልጆች አሉ።

«ገና ሕፃናት ናቸው» የሚሏችሁ ወላጆች ይኖራሉ። ተቆጥተው አይደለም፣ ፈርተው ነው። ከትምህርቱ በፊት ጥሯቸውና የምታስተምሩትን አሳዩአቸው። ጉርምስና በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ስለዚህ በአንድ ወንበር ከተቀመጡት አንዷ ጀምራ ሌላዋ ዓመታት ሊቀሯት ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት ዩኔስኮ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሻሻለው የሥነ ጾታ ትምህርት መመሪያ የቀረቡት ጥናቶችም ትምህርቱ ልጆችን ወደ ወሲብ እንደማያቻኩል ያሳያሉ። እኔ ግን ወላጅን ከጥናቱ ይልቅ የታጠፈችው ወረቀት ስታሳምን ነው ያየሁት።

አንድ ነገር ላይ ግትር ነኝ፤ የአካል ክፍሎች በስማቸው ይጠሩ። «እዚያ ታች» ብቻ የተማረ ልጅ አንድ ሰው ቢነካው የሚናገርበት ቃል የለውም። «እንግዳ ሰው ተጠንቀቁ» ማለትም አይበቃም፤ ልጅን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከነገራችሁ ምስጢሩን ለመጠበቅ ቃል አትግቡ። አምናችሁ ስሙት፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ንገሩት፣ በጥያቄ አታስጨንቁት፣ በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል አሳውቁ።

ሣጥኑን ትምህርቱ ሲያልቅ አታንሡት። የእኔን አንድ ዓመት መስኮቱ ሥር ረስቼው ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ላነሣው ስል ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበር።