ጥቂት መስመር፣ ሙሉ ሴት

ጥያቄ፦ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማቲስን የሴት ስዕሎች አየሁ። ጥላ የለ፣ ቀለም የለ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአምስት ደቂቃ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ትልቅነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ የቆየው ለአጭር ጊዜ ሊሆን ይችላል። ግን አንሪ ማቲስ ብዙ ጊዜ ቀጥታ ወደ ብዕር አይሄድም ነበር። መጀመሪያ በከሰል ይሥላል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይሥላል፤ ሴቲቱ አንገቷን እንዴት እንደምታዘነብል፣ ክንዷ ከትከሻዋ እንዴት እንደሚወርድ ጠንቅቆ እስኪያውቅ ድረስ። ብዕር የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በብዕር የተሠመረ መስመር ደግሞ እንደ ከሰል አይጠፋም፣ ከሳተ ሳተ ነው።

በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ አልጋ ላይ ሆኖ፣ አንዱን ርዕሰ ጉዳይ፣ ለምሳሌ አንዷን ሞዴል፣ ደጋግሞ እየሣለ ተከታታይ ስዕሎች ሠራ። በ1943 ሲታተሙ በጠቅላላው 158 ነበሩ። የአንዷን ሞዴል ስዕሎች ጎን ለጎን ስታያቸው ያው ፊት ነው፣ ስሜቱ ግን ከወረቀት ወረቀት ይለያያል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነጩ ወረቀት ነው። ዳሌዋ ጋ መስመሩ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ሥጋ ይሆናል፣ ብርሃን ይሆናል፣ አንዲት ጠብታ ቀለም ሳይነካው። እስቲ አንዱን መስመር በጣትህ ሸፍነውና ስዕሉን እንደገና እየው።