ማሩ ይታይ፣ ስልኩ ይቆይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ፍኖተ ሰላም የአይሲቲ መምህር ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ለአንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) ድረ ገጽ ሠርቼላቸዋለሁ። አናቢዎቹ፣ አንዳንዴም ልጆቻቸው፣ ገጹ ላይ ያለውን ፎርም በስልክ ይሞላሉ። ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የማሩ ዓይነት፣ ስንት ኪሎ እንዳለ፣ ስልክ ቁጥር። መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ ሐሳብ» የሚል ሳጥን አለ። ፎርሙ የኮንታክት ፎርም 7 ነው። እስካሁን 83 ሰው ሞልቷል። ሁሉም ኢሜይሌ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ደግሞ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ገጹ ላይ እለጥፋለሁ። የጥቅምት ማር ሲደርስ ግን አልቻልኩም። የተሞላው ሁሉ በራሱ ገጹ ላይ እንዲወጣ የሚያደርግ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) አለ? የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ገዢዎች በቀጥታ እንዲያዩት ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሥራዎን በጣም ወደድኩት። ማሩ ከሰፈፉ ሳይወርድ ገዢው እንዲያውቀው ማድረግ ለአናቢው ትልቅ ነገር ነው።

ፕለጊኑ አለ። አንድም ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ግን አሁን ያለዎትን ነገር እንየው። ኮንታክት ፎርም 7 የተሞላውን መልእክት የትም አያስቀምጥም። ወደ ኢሜይል ይልካል፣ በቃ። እንዲያስቀምጥ ከፈለጉ ፕለጊኑን የሠራው ሰው ራሱ ያዘጋጀው ፍላሚንጎ የሚባል ተጨማሪ ፕለጊን አለ። በነጻ ነው። ፍላሚንጎ ግን ዳሽቦርድ (እርስዎ ገብተው ድረ ገጹን የሚያስተዳድሩበት ክፍል) ውስጥ ለእርስዎ ያስቀምጣል እንጂ ለጎብኚ አያሳይም። ከተጫነበት ቀን በፊት የመጣውንም አያገኘውም። ስለዚህ 83ቱ መልእክቶች ያሉት ኢሜይልዎ ውስጥ ብቻ ነው። እባክዎ አንዱንም አያጥፉ።

መቀበል፣ ማስቀመጥና ማሳየት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም የፎርም ፕለጊን ይሠራዋል። ሁለተኛውን ብዙዎቹ ይሠሩታል፤ ኒንጃ ፎርምስና ፎርሚኔተር በነጻው እትማቸውም ያስቀምጣሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይጠየቃሉ። ግራቪቲ ፎርምስ የሚከፈልበት ነው፤ የተሞላውን በሠንጠረዥ ወይም በዝርዝር ለጎብኚ የሚያሳየው ግራቪቲቪው ደግሞ ሌላ ድርጅት የሚሸጠው የተለየ ፕለጊን ነው። ፎርሚዳብል «ቪውስ» የሚባል ክፍል አለው፤ እሱም በሚከፈልበት እትም ነው። ጥሩ ፕለጊኖች ናቸው። ግራቪቲቪው ላይ የትኛው ሳጥን እንደሚታይ ይመርጣሉ፤ እርስዎ ያጸደቁት ብቻ እንዲወጣም ማድረግ ይቻላል። ግን ክፍያው በየዓመቱ፣ በዶላር ነው። አንድ የወረዳ ማኅበር ይህን ይክፈል ብዬ አልመክርም።

ቴሌግራም ላይ «ክራክ» ተደርገው በነጻ የሚታደሉትን ደግሞ በፍጹም አይንኩ። ውስጣቸው ሌላ ሰው የጨመረው ኮድ ሊኖር ይችላል። እርስዎ የ83 ሰው ስልክ ይዘዋል። ቁልፉን ለማያውቁት ሰው አይስጡ።

እኔ ብሆን በፎርሚኔተር እሠራው ነበር። ነጻው እትም «ፖስት ዳታ» የሚባል የፎርም ክፍል አለው። አናቢው ሞልቶ ሲልክ መልእክቱ የዎርድፕረስ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል፤ ርዕስ፣ ዝርዝር፣ ምድብ ይዞ። ቅንብሩ ውስጥ «ፔንዲንግ» የሚለውን ይምረጡ። ያኔ ጽሑፉ እርስዎ አይተው እስኪያጸድቁት ድረስ ይጠብቃል። ርዕሱ «የብሳና ማር፣ 40 ኪሎ፣ ቋሪት» ይሆናል። ምድቡ ወረዳው ነው። ገዢው ቋሪትን ሲጫን የቋሪትን ማር ብቻ ያያል። ስልክ ቁጥሩና «ተጨማሪ ሐሳቡ» ግን ከፖስት ዳታ ውጭ፣ ለብቻቸው ይሁኑ። እነሱ ፎርሚኔተር የተሞላውን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ዳሽቦርድ ውስጥ ይቀራሉ። ጎብኚ አያያቸውም።

ስልኩ ለምን ተለየ ይሉኝ ይሆናል። ገዢ እንዲደውል አይደል ወይ የተመዘገቡት?

ይህን የምለው እኔ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት በጀመርኩ ሰሞን፣ ጋቢና ነጠላ ለሚሸጡ የሴቶች ማኅበር ልክ እንደ እርስዎ ያለ ፎርም ሠራሁ። የተሞላውን በሠንጠረዥ የሚያወጣ ፕለጊን አገኘሁና ሾርትኮዱን (ሠንጠረዡን የሚጠራውን አጭር ኮድ) ገጹ ላይ ለጠፍኩ። ሁሉም ዓምድ ወጣ። ደስ አለኝ። የመጨረሻውን ዓምድ ግን አላነበብኩትም። አንዲት እናት «ሌላ የሚሉት ካለ» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ እንዳለባቸው፣ ጋቢዎቹ ቶሎ ቢሸጡላቸው እንደሚወዱ ጽፈው ነበር። የጻፉት ለማኅበሩ ነው። አገር ያነበዋል ብለው አይደለም። 11 ቀን ገጹ ላይ ቆየ። መጀመሪያ ያነበበችው የአከራያቸው ልጅ ናት። ቢሮዬ ሲመጡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ነበር። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ይህን አጥፊልኝ» ብቻ አሉኝ። ከገጹ ለማጥፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የጎግል ፍለጋ ግን አሮጌውን ጽሑፍ ይዞት ስለነበር እንዲነሣ ለብቻው ማመልከት ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሾርትኮድ ሳልመረምር ለጥፌ አላውቅም። እያንዳንዱን ሳጥን እየጠቆምኩ «የሞላው ሰው ይህ እንደሚታይ ያውቃል?» እላለሁ። የማያውቅ ከሆነ አይወጣም።

የስልክ ነገርም ያው ነው። ክፍት ገጽ ላይ የተቀመጠ ቁጥር ለማር ገዢ ብቻ አይታይም። ቁጥር የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ፣ «በስሕተት ብር ልኬልዎ ነበር፣ ይመልሱልኝ» እያሉ የሚደውሉ ሰዎች ዝርዝር ከየት የሚያመጡ ይመስልዎታል? ማር ሻጭ ደግሞ የማያውቀው ቁጥር ሲደውል ያነሣል፤ ገዢ ነው ብሎ። ስለዚህ ገጹ ላይ የማኅበሩ አንድ ስልክ ብቻ ይቀመጥ። ገዢው የማሩን ርዕስ ነግሮ ይጠይቅ፣ ጸሐፊው ያገናኝ። «የራሴ ስልክ ይውጣልኝ» የሚል አናቢም ይኖራል፤ መብቱ ነው። ለእሱ «ስልኬ ገጹ ላይ ይውጣ» የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ይጨምሩ። ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት እንዳይሆን። ምልክት ካደረገ፣ ሲያጸድቁ ቁጥሩን ራስዎ ይጨምሩለታል።

ከ«ላክ» ቁልፉ በላይ ደግሞ ይህን በጉልህ ይጻፉ፦ «ስምዎ፣ ወረዳዎና የማርዎ ዓይነት ድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ይታያል። ስልክዎ ካልፈቀዱ አይታይም።» የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መረጃ ሰብሳቢ ለምን እንደሚሰበስብ መንገር፣ ከተናገረው ዓላማም አለመውጣት አለበት።

83ቱ ይህን ጽሑፍ ሳያዩ ነው የሞሉት። እስካሁን የለጠፏቸውን ስልኮች ዛሬውኑ ያንሷቸው። ከዚያ ማኅበሩ ይደውልላቸው። ልጅ የሞላለት አባት ከሆነ አባትየውን ራሱን ያናግሩት። 83 ጥሪ ለሦስት ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ያውም ማሩ ያለቀበትን፣ ዋጋ የቀየረውን በዚያው ያጣራሉ።

አሁን ወደ ፎርሙ እንመለስ፤ አንድ በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። ወረዳውን ሰው በእጁ እንዲጽፍ አያድርጉ። ኢሜይልዎን ከፍተው ቢያዩ «ጃቢ ጠህናን» የሚለው በአራት ዓይነት ተጽፎ ሳያገኙት አይቀሩም፤ ተያይዞ፣ ተለያይቶ፣ በ«ኅ»፣ በ«ህ»። እኔና እርስዎ አንድ ቦታ መሆኑን እናውቃለን። ለኮምፒውተሩ አራት ቦታ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለእሱ ሦስት ፊደል ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አንዱ ገዢ በ«ሐ» ፈልጎ በ«ሀ» የተጻፈውን ማር ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ወረዳው የሚመረጥ ዝርዝር ይሁን፦ ጃቢ ጠህናን፣ ቋሪት፣ ደምበጫ፣ ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ሰከላ፣ ደጋ ዳሞት። የማሩ ዓይነትም ይመረጥ፤ ነጭ፣ ቀይ፣ የብሳና፣ የግራዋ፣ የአደይ አበባ። ከነሰፈፉ ነው ወይስ የተጣራ? ከባህላዊ ቀፎ ነው ከዘመናዊ? እነዚህን ገዢ መጠየቁ አይቀርም። የቆረጣው ወርም ይመረጥ። ዎርድፕረስ በራሱ የሚጽፈው ቀን የፈረንጆቹን ነው፤ አናቢ ግን ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ሰኔ ነው የሚለው።

ሠንጠረዥ አያብዙ። አብዛኛው ገዢ የሚያየው በስልክ ነው፣ ሰባት ዓምድ ስልክ ላይ አይነበብም። አዲስ ያጸደቁት ማር ገጹ ላይ አልወጣም ብለው እንዳይደነግጡ፤ የካሽ ፕለጊን (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ቅጂውን የሚያስቀምጥ) ካለዎት አሮጌውን ገጽ እያሳየዎት ስለሆነ ካሹን ያጽዱት። ማሩ ሲያልቅ ጽሑፉን ወደ «ድራፍት» ይመልሱት። ለማኅበሩ ጸሐፊ የ«ኤዲተር» ሥልጣን ይስጡት፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ማጽደቅም መመለስም ይችላል፣ ፕለጊን መጫንና መንቀል ግን አይችልም። ሁሉንም ሲጨርሱ ከዳሽቦርዱ ይውጡና ገጹን እንደ እንግዳ በሌላ ሰው ስልክ ይክፈቱት። የማይገባ ነገር ወጥቶ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነው የምጽፍልሽ። የተሞላውን ፎርም ከድረ ገጻችን በሲኤስቪ (ሠንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚይዝ ፋይል) አውርጄ በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆነብኝ። ስልክ ቁጥሮቹም መነሻቸው ላይ ያለችው 0 ጠፍታለች። መረጃው ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አልተበላሸም። ፋይሉ ደህና ነው፤ የተሳሳተው አከፋፈቱ ነው። ሁለት ጊዜ ተጭነሽ አትክፈቺው። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፣ «ዳታ» ከሚለው ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ምረጪ፣ የፊደሉን ዓይነት ሲጠይቅሽ ዩቲኤፍ 8 በይው። አማርኛው ይመለሳል። የስልኩን ዓምድ ደግሞ ከማስገባትሽ በፊት «ቴክስት» አድርጊው። ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ካሰበ 09 እና 07 ላይ ያለችውን ዜሮ ይጥላታል። ያበላሸውን ፋይል ሴቭ አድርገሽው ከሆነ እሱን ተዪውና ከድረ ገጹ እንደገና አውርጂ።