አንገታቸው ድረስ የተቀበሩት ቲማቲሞች

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ቢቆጠሩም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን ከጓሮ ተመልሼ እጄን እንኳ በደንብ ሳልታጠብ ነው የተቀመጥኩት። በቃኝ።

የምኖረው ስምንት ቤተሰብ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሕንፃው ጀርባ አረም የዋጠው፣ የተሰባበረ ሸክላና የዛገ ብረት የተጣለበት መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ከቤት አትውጡ ሲባል፣ ግድግዳ ግድግዳ ማየቱ ሲሰለቸኝ ወርጄ ብረቱን መልቀም ጀመርኩ። በመስኮት ያዩኝ አንድ በአንድ ወረዱ። ጭምብላችንን አጥልቀን፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት መደብ አወጣን፤ ለየቤቱ አንድ አንድ። ያኔ ዘር ማግኘት ጭንቅ ነበር። ከበሰለ ቲማቲም ፍሬውን እያወጣን፣ ከነውሃው ሁለት ሦስት ቀን አቆይተን እያጠብን፣ ወረቀት ላይ አድርቀን ተካፈልን። ውሃ ማጠጫው አንድ ብቻ ስለነበር የጨረሰው ሰው እጀታውን በአልኮል ጠርጎ ለተረኛው ያስቀምጥ ነበር።

ገደቡ ሲነሣ ግን ሁሉም እንደ ጤዛ ተነነ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስምንቱንም መደብ የምኮተኩተው፣ የማርመው፣ ውሃ የማጠጣው ብቻዬን ነኝ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን እንኳ የጥድፊያ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ጎረቤቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች "ውይ፣ አምሮበታል!" ብላኝ አለፈች። አምሮበታል! ያማረው በማን ጉልበት እንደሆነ አታውቅም? አንድ ባልዲ ውሃ ብታነሣልኝ ምን ነበረበት?

ያኔም ቢሆን ሥራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የውሃውን ተራ የጻፍኩት፣ መደቡን በገመድ የለካሁት፣ የተበላሸውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ለምሳሌ የቲማቲም ችግኛቸውን አንገቱ ድረስ አፈር ውስጥ ቀብረውት አገኘሁ፤ የሚታየው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነበር። ይታፈናል ብዬ ማታ ወርጄ አሥራ ሁለቱንም አወጣሁና እንደ ደንቡ መልሼ ተከልኳቸው። በነጋታው መጥተው ጥቂት ቆመው አዩና ምንም ሳይሉ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሲወርዱም አላየኋቸውም፤ እግራቸውን አሟቸው መሰለኝ። ምድር ቤት ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ የመደባቸውን ግማሽ አበባ ዘሩበት። አበባ አይበላም፣ በዚያ ችግር ጊዜ መሬት ማባከን ነው ብዬ በትሕትና ነገርኳቸው፤ ነቀሉት። የስድስት ዓመት ልጃቸው ካሮቱን በየሁለት ቀኑ እየነቀለች "አደገ?" ብላ አይታ መልሳ ትሰካው ነበር፤ አንድ ቀን ጮህኩባት። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ያነሣኋቸው ምን ያህል እንደለፋሁ እንዲገባዎት ነው። ዘንድሮ ዱባው እንኳ አበባ አውጥቶ አውጥቶ ፍሬው ጣት ሳያክል ይረግፍብኛል። ረዳት ባገኝ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ለየቤቱ ደብዳቤ ጽፌ ድርሻቸውን እንደለቀቁ ላሳውቃቸውና የጓሮውን በር ልቆልፈው አስቤያለሁ። ቁልፉን ከገዛሁት አሥር ቀኔ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ እጄ እምቢ አለኝ። ምናልባት ልጠይቅዎ የፈለግሁት ሌላ ነገር ይሆናል። ያኔ ማታ ማታ በየመስኮታችን ቆመን ዓይን እስኪይዝ ስናወራ፣ የማን ቲማቲም ረዘመ እያልን ስንከራከር፣ በእርግጥ ጎረቤታሞች ሆነን ነበር ወይስ መሄጃ ያጣን ሰዎች ብቻ ነበርን? ይህን ቢነግሩኝ መቆለፉም አለመቆለፉም አይከብደኝም።

ብቻዬን የቀረሁት ጎረቤት

መልስ

እህቴ፣

ቁልፉን ለገዛሽበት ሰው መልሺው። መጀመሪያ ግን ስለ ጋሼ ችግኞች እንነጋገር፤ "ጥቃቅን" ካልሻቸው ነገሮች ውስጥ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

ጋሼ ልክ ነበሩ። የቲማቲም ግንድ አፈር ከነካው ከዚያው ከግንዱ ሥር ያወጣል። ያደገ ቲማቲም ግንዱ ላይ ወደ ታች በኩል ጥቃቅን እብጠቶች አይተሽ ታውቂ ይሆናል፤ አፈር ቢያገኙ ሥር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የታች ቅጠሎቹን ቆንጥሮ ያነሣና ጫፉን ብቻ አስቀርቶ ችግኙን ይቀብረዋል። ሥሩ ይበዛል፣ ተክሉ መሬቱን ጨብጦ ይቆማል፣ ውሃ ሲያጥርም ይታገሣል። እኚህ ሰው ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ቲማቲም ያሳደጉ ሰው ናቸው። ከስምንታችሁ ውስጥ አንድ አትክልት የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ እሱንም ሳትጠይቂው ሥራውን በሌሊት አፈረስሽበት።

አሥራ ሁለት ችግኝ አሥራ ሁለት ጊዜ ማጎንበስ ነው። ጠዋት እዚያ ቆመው ሲያዩ ማን እንደነቀለው ማወቅ አላቃታቸውም፤ ገመድ ይዞ የሚለካው ማን እንደሆነ ስምንቱም ቤት ያውቃል። ሊቆጡ ይችሉ ነበር። ሊያስረዱሽም ይችሉ ነበር። ዝም ብለው ወጡ። አንቺም "እግራቸውን አሟቸው መሰለኝ" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያው እግራቸው ሦስት ፎቅ እየወረዱ ሲተክሉ ነበር እኮ!

ደግሞ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ገደቡ ሲነሣ ሁሉም ተነነ ትያለሽ። ጋሼ የቀሩት ግን ገደቡ ሳይነሣ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት፣ ያ ጓሮ ብቸኛው ደጅ በነበረበት ጊዜ፣ ከጓሮው ይልቅ አራት ግድግዳ መረጡ። አዎ፣ እየወቀስኩሽ ነው።

አበባውም ቢሆን ይበላ ነበር። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ የወንዴውን ዱቄት ለሴቴዋ የሚያደርስላት ንብ ካጣች ፍሬዋ ጣት ሳያክል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ንብን ወደ ጓሮ የሚጠራት ደግሞ ያስነቀልሽው አበባ ነው። ለጊዜው በማለዳ ወንዴውን አበባ ቀጥፈሽ የሴቴዋ መሃል ላይ ነካ ነካ አድርጊው፤ ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ሚጢጢ ዱባ ትለያታለሽ።

በካሮቱ ልክ ነሽ። የተነቀለ ካሮት ቢሰኩት የሥሩ ጫፍ ተበጥሷልና ወይ ባለበት ይቀራል ወይ ሁለት ሦስት እግር አውጥቶ ይጠማዘዛል። ግን በዚያ ሰሞን በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ነበር። ያቺ ልጅም ከጓደኞቿ ተለይታ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቆሞ፣ "አደገ?" ብላ የምትጠይቀው አንድ ነገር የነበራት እዚያ መደብ ላይ ነው። የካሮቱ መደብ እንዳለ ቢጠፋ ማን ይጎዳ ነበር? እናትና አባቷስ ልጃቸው ወደተጮኸባት ቦታ በምን እግራቸው ይመለሱ?

ለምን እንዲህ እንዳደረግሽ ይገባኛል። ሁሉ ነገር ከሰው እጅ በወጣበት ጊዜ አንቺ ገመድ ይዘሽ መሬት ለካሽ፤ ቢያንስ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ እንዲቆምልሽ ፈለግሽ። የዛገውን ብረት ያነሣሽው አንቺ ባትሆኚ ኖሮም ጓሮው የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ይህን ማንም አይነጥቅሽም።

ወደ እውነተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ጎረቤታሞች ነበራችሁ። ማስረጃውን አንቺው ጽፈሽልኛል፤ ያ እጀታ። ውሃ አጠጥቶ የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ መግባቱ ነው፤ የሚጠርገው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ነው። ጊዜ ሊገድል የወረደ ሰው ለተረኛው ጤና አይጨነቅም።

መሄጃ በማጣት መሰባሰብም ነውር የለበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋሉ የተባሉ የጓሮ እርሻዎች ነበሩ፤ ሰውን ወደ አፈሩ የገፋው ጦርነቱና የምግብ ራሽኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ አብዛኛው ቦታ ወደ ሣር ተመለሰ። ቦስተን ከተማ ፌንዌይ የሚባለው ሰፈር ግን እ.ኤ.አ. በ1942 የተጀመረው አሁንም አለ፤ ሰዎች መደብ መደብ ተካፍለው አንዱ አበባ፣ አንዱ አትክልት ያበቅሉበታል። ክፉ ቀን የጀመረው ነገር ክፉው ቀን ሲያልፍ የግድ አይሞትም፤ በየመደቡ ባለቤት ይፈልጋል እንጂ።

ስለዚህ ደብዳቤውን ተዪው። ድርሻ መልቀቅ የሚባል ነገር አፍሽ ላይ አይምጣ። ስምንቱን መደብ ብቻሽን መያዝሽንም ተዪ፤ ሁለቱን ያዢና የቀሩትን አረም ይዋጣቸው። ማየት እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ቻዪው። ሰው ተሠርቶ ያለቀ ነገር ሲያይ "አምሮበታል" ብሎ ያልፋል፤ ጎረቤትሽ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የሚሠራ ነገር ሲያይ ነው ልቡ የሚነሣሣው።

ለልጅቷ አንድ ብርጭቆ ውሰጂላት። ውስጡን እርጥብ ወረቀት አልብሺውና በወረቀቱና በብርጭቆው መካከል የባቄላ ፍሬ ሰኪበት። ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ ሳትነቅለው ታየዋለች። ሲያድግላት ጓሮ ወርዳ በፈለገችው ቦታ ትትከለው፤ ከገመዱ ውጪም ቢሆን። ለወላጆቿም አበባችሁ ናፈቀኝ በያቸው፤ ስለ ዱባው ስትነግሪያቸው ሳይናፍቅሽ አይቀርም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የቲማቲም ችግኝ ይዘሽ ሦስተኛ ፎቅ ውጪ። "ጋሼ፣ ያኔ ችግኝዎን ነቅዬ የተከልኩት እኔ ነኝ። ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ይቅር ይበሉኝ" በያቸው። "ለመርዳት ብዬ ነው" የምትለዋን ነገር አታስገቢያት፤ ይቅርታውን ታበላሽብሻለች። ላይቀበሉሽ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ያን ጊዜ ችግኙን ደጃቸው ላይ አስቀምጠሽ ውረጂ፤ በሌላ ቀንም ሰላም ብለሻቸው እለፊ። ከወረዱ ግን አንቺ ቆፋሪም ለኪም አትሁኚ። አንገቱ ድረስ ሲቀብሩት አጠገባቸው ቁሚና፣ ሲጨርሱ የውሃ ማጠጫውን እጀታ ጠርገሽ አቀብያቸው።