ሲፒዩው ስራ ፈቶ ሰርቨሩ ለምን ቀጥ ይላል?

ሰላም ወንድሜ። «ሲፒዩው 90 በመቶ ስራ ፈት ነው፤ ሽያጭ ስንመዘግብ ግን ሲስተሙ ሁለት ሰከንድ ቀጥ ይላል» ብለሃል። የሊኑክሱ ቶፕ (top፣ የሲፒዩን አጠቃቀም የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ ብታፈጥ አታገኘውም። የሚሰጥህ አማካይ ነው፤ የአንድ ጥያቄ መዘግየት እዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ሲፒዩ ይሁን ዲስክ ለይ። የጥበቃውን ጊዜ ለመለካት፣ ለሲፒዩ ወረፋ ረንኪውላት (runqlat)፣ ለዲስክ ባዮሌተንሲ (biolatency) አለልህ። ሁለቱም ቢሲሲ (BCC) ከሚባለው የሊኑክስ መመርመሪያ ስብስብ የመጡ መሣሪያዎች ናቸው። በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የአስተዳዳሪ መለያ) አስነሳቸው፣ የሲስተሙ ቀጥ ማለት እስኪደገም ጠብቅ፣ ከዚያ ውጤቱን እንዲያወጡልህ ኮንትሮል ሲ በል።

እኔም ድሬዳዋ ከዚራ ባለ አንድ መደብር ሰርቨር ላይ ይኸው ገጥሞኛል። የባዮሌተንሲ ሂስቶግራም (ስንት የዲስክ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳየው ግራፍ) ሁለት ጉብታ አወጣ። አብዛኛው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ ጥቂቱ ግን ከ1 ሰከንድ በላይ። መሃሉ ባዶ። እንዲህ ሁለት ቦታ ሲከፈል አንድ ሌላ ነገር እየገባ እየረበሸ ሊሆን ይችላል። ሌላውን የቢሲሲ መሣሪያ ባዮስኑፕን (biosnoop) ከፈትኩ፤ እያንዳንዱን የዲስክ ጥያቄ ከፕሮግራሙ ስም ጋር ይዘረዝራል። ለካ በስራ ሰዓት የሚነሳው ባክአፕ ዲስኩን አጨናንቆ ዳታቤዙን ወረፋ ያስይዘው ነበር። ወደ ሌሊት አዞርኩት፤ ተገላገልን።

ዲስክህ ንጹህ ከሆነ ወደ ኤፍትሬስ (ftrace፣ የከርነሉን ስራ የሚከታተል መሣሪያ) ሂድ። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ውስጥ ያለ ነው። አይአርኪውስኦፍ (irqsoff) የሚባለው ትሬሰር (የኤፍትሬስ መከታተያ) ከርነልህ ላይ ከተከፈተ፣ ኢንተራፕት (ሃርድዌር ሲፒዩን የሚጠራበት ምልክት) ረጅሙን ጊዜ የተዘጋበትን ቦታ እስከ ፈንክሽኑ ያሳይሃል።

ሁሉም ነገር እኩል የሚዘገየው ቀትር ላይ ከሆነ ደግሞ የድሬን ሙቀት አትርሳ። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ያዘገያል፤ ዲሜሴጅ (dmesg፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ ፈልገው። የረንኪውላቱን ውጤት እዚህ ለጥፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።