«ሕንፃው ሊሸጥ ነው፤ እኛስ?» የዲሲ ተከራዮች ጥያቄና መልስ

ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ አምስቱን መርጠናል። ሁሉም ስለ ቤት ኪራይ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርገን የመለስነው ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በሰሜን ምዕራብ ዲሲ በ1962 በተሠራ ባለ 38 ቤት ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን። ግማሾቻችን ሐበሾች ነን፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ለየቤታችን በአደራ ፖስታ ደብዳቤ መጣ። ልጄ አንብቦት «ሕንፃው ሊሸጥ ነው፤ መግዛት ከፈለጋችሁ ቅድሚያው የእናንተ ነው ይላል» አለኝ። እኛ ምን ይዘን ነው ሕንፃ የምንገዛው? ማኔጀሩ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ ፈርሞ ለሚወጣ 6,000 ዶላር እንሰጣለን እያለ ነው። ጎረቤቴ ልትፈርም ነው። ምን ይሻለናል? (ወ/ሮ ት.)

መልስ፦ ጎረቤትዎ ዛሬ እንዳይፈርሙ ይለምኗቸው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የመጣላችሁ ወረቀት ቶፓ በሚባለው በ1980 የወጣ የዲሲ ሕግ መሠረት የተላከ የሽያጭ ማቅረቢያ ነው። ባለቤቱ ሕንፃውን ለሌላ ከመሸጡ በፊት ለተከራዮቹ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው «መግዛት» የሚለውን ቃል ሲያይ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ነገሩ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ገንዘብ ባይኖራችሁም መብቱ ዋጋ አለው፤ ለመረጣችሁት ገዢ አሳልፋችሁ መስጠት ትችላላችሁና። ገዢው በምላሹ ኪራዩ በምን ያህል እንደሚቆይ፣ ቦይለሩ መቼ እንደሚቀየር፣ አሁን ያለ ተከራይ እንደማይነካ በጽሑፍ ይፈርምላችኋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ራሳችሁ መግዛትም ይቻላል፤ ከተማው ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያበድርበት ፈንድ አለው። ግን መንገዱ ረጅም ነው። ለዓመታት ስብሰባ የሚቀመጡ አምስት ስድስት ሰዎች ከመካከላችሁ ከሌሉ ባትጀምሩት እንመክራለን።

አሁን ወደ ቀኑ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ45 ቀን ውስጥ ማኅበር መሥርታችሁ የምዝገባ ማመልከቻውን ለከተማውም ለባለቤቱም ማድረስ አለባችሁ፤ በእጅ ወይም በአደራ ፖስታ። ከዐቢይ ጾም በ10 ቀን ያንሳል ማለት ነው። ማርች 3 ደርሷችሁ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 17 ነው። ፖስታውን አትጣሉት፤ ቀኑ ያለው እሱ ላይ ነው። ለአንዱ ሰኞ ለሌላው ሐሙስ ደርሶ ከሆነ ከሰኞ ቁጠሩ።

ማኅበሩ ንብረት መያዝ የሚችል ሕጋዊ ሰውነት ሊኖረው ይገባል። የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ መተዳደሪያ ደንብና የተመረጡ ኃላፊዎች ያስፈልጉታል። እድር ያቋቋመ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። የሚለየው አቆጣጠሩ ነው፤ ማኅበሩ የተከራዮቹን አብላጫ መያዝ አለበት። እዚህ የሚቆጠረው ቤት እንጂ ሰው አይደለም፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ቢፈርሙ አንድ ናቸው። ከ38ቱ ቤቶች ገብተው 90 ቀን ያልሞላቸው ሦስት ቢኖሩ፣ አንዱ ደግሞ ለባለቤቱ የሚሠራው የሕንፃው ጠባቂ ቤት ቢሆን አራቱ ከስሌቱ ይወጣሉ። ከቀሩት 34 ቤቶች አብላጫው 18 ነው። እናንተ ግን 18 ላይ አትቁሙ፤ 23 ወይም 24 ያዙ። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይፈራል፣ የአንዱ ፊርማ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ካለው ስም ጋር አልገጠመም ይባላል። የ6,000 ዶላሩ ምስጢርም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ የሚወጣ ቤት ቁጥራችሁን ያሳንሳል። ሒሳቡን ለጎረቤትዎም ያሳዩአቸው፦ የሚገቡበት ቤት በወር 900 ዶላር ቢበልጥ ያ ገንዘብ ሰባት ወር አይሞላም።

ስብሰባውን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ብቻ ካደረጋችሁት 18 አትደርሱም። ሳልቫዶራውያኑ ጎረቤቶቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑሩበት። ጥሪው በአማርኛ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ አስተርጓሚ ይቀመጥ። ቦታው እዚያው ሕንፃው ውስጥ ሎቢው ቢሆን ይመረጣል። የዲሲ ሕግ በየበሩ ወረቀት እንድታድሉ፣ እንድታንኳኩ፣ በጋራ ቦታ እንድትሰበሰቡ ይፈቅድላችኋል፤ ማኔጀሩ ልግባ ቢል የመከልከል መብት አላችሁ። በተደራጃችሁ በስድስት ወር ውስጥ ባለቤቱ ኪራይ ቢጨምር ወይም ሊያስወጣችሁ ቢነሳ ሕጉ እንደ በቀል ይገምተዋል፤ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ለመደራደር ቢያንስ 120 ቀን አላችሁ። ባለቤቱ ሊጠይቃችሁ የሚችለው መያዣ ከዋጋው 5 ከመቶ አይበልጥም። ከሌላ ገዢ ጋር ውል ቢያስር እንኳ በዚያው ዋጋ ለመግዛት 15 ቀን ይኖራችኋል። በ2025 የወጣ ማሻሻያ አንዳንድ ሽያጮችን፣ በተለይ የአዳዲስ ሕንፃዎችን፣ ከቶፓ አውጥቷል፤ የ1962 ሕንፃ በዕድሜው ምክንያት አይወጣም። ቢሆንም ደብዳቤውን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት የከተማው የተከራዮች ተሟጋች ቢሮ ሂዱ። ምክሩ በነፃ ነው፤ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ የመስተናገድ መብትም አላችሁ። «ልጄ ያስተረጉምልኛል» አይበሉ፤ የሕግ ቃል ለልጅ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ክረምቱን በሙሉ ማሞቂያው ሲሠራ ሲቆም ነው የከረመው። አይጡም በዝቷል። አሥራ አንድ ቤት ሆነን ኪራይ ልናቆም ተስማምተናል። ይቻላል? (አቶ ሰ.)

መልስ፦ ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው በሚያደርገው መንገድ ካደረጋችሁት ግን ትወድቃላችሁ። በ1970 ጃቪንስ በሚባለው መዝገብ የዲሲ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቤቱ ለመኖሪያ የማይመች ከሆነ የኪራይ ግዴታውም አብሮ እንደሚነካ ወስኗል። ይህ መከላከያ የሚሰማው ግን ከተከሰሳችሁ በኋላ ነው። ዳኛው ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ኪራዩን በየወሩ ለፍርድ ቤቱ ገቢ አድርጉ ብሎ ማዘዙ የተለመደ ነው። ያን ዕለት ገንዘቡን በልቶት የተገኘ ሰው ክርክሩን እዚያው ያጣዋል።

ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ስም የተለየ አካውንት ከፍታችሁ ኪራዩን በቀኑ አስገቡ። እንደ እቁብ በአንድ ሰው እጅ አይሰብሰብ። በቫውቸር (በመንግሥት የኪራይ ድጎማ) የሚኖር ጎረቤት ካለ ጠበቃ ሳያናግር አይግባበት፤ ቫውቸሩን ሊያጣ ይችላል።

ማስረጃውን ከወዲሁ ሰብስቡ። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 1 በሐበሻ ሰዓት ከጧቱ 12:30 እስከ ማታ 5 ሰዓት ቤቱ ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ሌሊቱን 65 መሆን አለበት። ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙና ከመስኮትም ከራዲያተርም ርቆ ይቀመጥ። ጧትና ማታ ከሰዓት ጋር አብሮ የሚታይበትን ፎቶ አንሱ፤ «በጣም ይበርዳል» የሚለውን ዳኛ አይመዘግበውም፣ «ጃንዋሪ 14፣ ማታ 3 ሰዓት፣ 57 ዲግሪ» የሚለውን ይመዘግበዋል። የጥገና ጥያቄ በስልክ ብቻ አታቅርቡ፤ በጽሑፍ ልካችሁ ኮፒ ያዙ። ከዚያ የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጥፋቱን ይመዝግብ።

ኪራይ ከማቆም በፊት ደግሞ ቀለል ያለ በር አለ። በዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቤት ይዞታ አቤቱታ ብቻ የሚሰማበት ችሎት አለ፤ ባለቤቱን እናንተ ትከሱታላችሁ፣ ፍርድ ቤቱም የራሱን መርማሪ ይልካል። ጥገና ያዛል እንጂ የገንዘብ ካሳ አይሰጥም። በእኛ እምነት አሥራ አንድ ቤት በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ መዝገብ ቢከፍት ኪራይ ከማቆም የበለጠ ያስደነግጣል፤ አደጋውም ያንሳል።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ሊዜ አልቋል። ማኔጅመንቱ በ240 ዶላር ጨምሮ «አዲሱን ካልፈረምሽ ልቀቂ» አለኝ። የምከፍለው 1,500 ነበር። (ም.)

መልስ፦ በዲሲ የሊዝ ማለቅ ማስወጫ ምክንያት አይደለም። ሳትፈርሚ ብትቀጥዪ ውሉ በነበረበት ሁኔታ በየወሩ ይታደሳል። ጭማሪው 16 ከመቶ ነው። ሕንፃው በኪራይ ቁጥጥር ሥር ከሆነ ሊጨምሩ የሚችሉት በ12 ወር አንድ ጊዜ፣ የዋጋ ንረቱ ላይ 2 ከመቶ ደምረው ነው፤ ያም ቢሆን ከ10 ከመቶ አያልፍም። ዕድሜያቸው 62 ለደረሰና ለአካል ጉዳተኞች ጣሪያው 5 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። በ1975 መጨረሻ ወይም ከዚያ በፊት የተፈቀዱ ሕንፃዎች አብዛኞቹ በቁጥጥሩ ሥር ናቸው። ባለቤቱ ግለሰብ ሆኖ በዲሲ ያሉት ቤቶች ከአራት ካልበለጡ ግን ነፃ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ቅረብ የሚል ወረቀት በሬ ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። የሁለት ወር ኪራይ አለብኝ፣ አልክድም። ቀርቤ ምን ልናገር? (ዳ.)

መልስ፦ ይቅረቡ። ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፤ ዕዳውን ያላመነው እንኳ። የአከራይና ተከራይ ችሎቱ 510 ፎርዝ ስትሪት ኖርዝዌስት ነው፤ በአካል ይሁን በቪዲዮ ወረቀቱ ላይ ያዩታል። የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አያስከፍልም። የአከራዩ ጠበቃ ኮሪደር ላይ ወረቀት ይዞ «እዚህ ፈርም፣ እንጨርስ» ሊልዎት ይችላል። በነፃ የሚያግዙ ጠበቆችን ሳያናግሩ አይፈርሙ፤ የማይችሉትን የወር ክፍያ ፈርሞ አንዱን ወር ማሳለፍ ዋናው መውደቂያ ነው።

ቢፈረድብዎትም አከራዩ ራሱ ቁልፍ መቀየር አይችልም። የሚያስወጡት የፌዴራል ማርሻሎች ብቻ ናቸው፤ ዝናብ ወይም በረዶ እየጣለ፣ ወይም ቅዝቃዜው ከ32 ዲግሪ በታች በሆነ ቀን አይመጡም። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ዕዳውን ከነወጪው ከከፈሉ ማስወጣቱ ይቆማል። በመኒ ኦርደር ይክፈሉ፤ ጉርዱን አይጣሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል? (እ.)

መልስ፦ አይሠራም፤ ኢስተርን አቬኑን ከተሻገሩ ሕጉ ሌላ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ጭማሪው የዋጋ ንረቱ ላይ 3 ከመቶ ተደምሮ ቢበዛ 6 ከመቶ ነው፤ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ነፃ ናቸው። በዲሲ ያለው «ሊዝ ቢያልቅም አትወጣም» የሚለው ጥበቃ ግን እዚያ የለም። ስለዚህ ሊዝዎ ከማለቁ ከሦስት ወር በፊት ስለ እድሳቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። አሌክሳንድሪያ ወይም አርሊንግተን ያላችሁ ደግሞ የኪራይ ጣሪያ የላችሁም፤ ሊዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመፈረማችሁ በፊት ተደራደሩበት።